የኤድዋርድ ዘመን ቀሚስ በሙስሊም እህቶች እጅ



ሰውነትን የማያጣብቅ፣ ገላን አሳልፎ የማያሳይ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ከገበያ ፈልጎ ማግኘት ለሙስሊም እህቶቻችን ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በየቤቱ ይታወቃል። ከቡቲክ የሚገኘው ጉርድ ቀሚስ ወይ ጎኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ወይ ዳሌ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ወይም ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡን ያሳያል። ከዐረብ አገር የሚመጣው ዐባያ ደግሞ ዋጋው ለተማሪና ለደመወዝተኛ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። በዚህም ምክንያት ብዙ ወጣት እህቶች ያገኙትን ገዝተው በላዩ ሻርፕ ጣል በማድረግ ነገሩን ለማለፍ ይገደዳሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው መፍትሔ ብዙዎቻችን ከማናስበው ቦታ የመጣ ነው። ይኸውም ከመቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝና የአሜሪካ ሴቶች በቀን ሥራቸው ላይ ይለብሱት የነበረው ሸሚዝና ጉርድ ቀሚስ ነው። የዚያ ዘመን የልብስ ቅዶች በሙዚየም ካሉት ልብሶች ተለክተው ዛሬ በመጽሐፍና በወረቀት ይገኛሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚህን ቅዶች እየገዙ ለራሳቸው የሚሰፉ ሴቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ይህን የሚያደርጉት ለትዝታና ለጨዋታ ነው። እኛ ግን ከዚያ የበለጠ ጉዳይ አለን።

ዘመኑና ልብሱ

የኤድዋርድ ዘመን የሚባለው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የነገሡበት ከ1901 እስከ 1910 ያለው ጊዜ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የልብስ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘመኑን እስከ 1914፣ ማለትም እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ድረስ ይዘረጉታል። በአገራችን የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነበር። የሐረሩ ገዥ ራስ መኰንን ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ እንዲገኙ በ1902 ወደ ለንደን ተልከዋል። በዓሉ ለጁን 26 ተቀጥሮ ሳለ ንጉሡ በአንጀት ሕመም ቀዶ ሕክምና ስላደረጉ ወደ ኦገስት 9 ተላልፏል። እንግዲህ ራስ መኰንን በለንደን ጎዳናዎች ያዩዋቸው ሴቶች የለበሱት አሁን የምንነጋገርበትን ልብስ ነበር ማለት ነው።

የቀኑ ልብስ አንገቱ እስከ አገጭ የሚደርስ ኮሌታ ያለው፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚወርድ፣ ፊቱ ሰፋ ብሎ ወገብ ላይ የሚሰበሰብ ሸሚዝ ነበር። ሸሚዙ ከፊት በኩል እንደ ርግብ ደረት ጎላ ብሎ ስለሚንጠለጠል የጡትን ቅርጽ አያሳይም። ከሥሩ ያለው ጉርድ ከአምስት፣ ከሰባት ወይም ከዘጠኝ ቁራጭ የሚገጣጠም ሲሆን እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ነው። መምህራት፣ የቴሌግራፍና የጽሕፈት መኪና ሠራተኞች፣ የመደብር ሻጮች ሁሉ ይህንኑ ይለብሱ ነበር። ሴቶች በብዛት ከቤት ወጥተው ለደመወዝ መሥራት በጀመሩበት ጊዜ የተለመደ የሥራ ልብስ ነው።

ይሁን እንጂ ዘመኑን እንዳለ የጨዋነት ዘመን አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እነዚያው ባለጸጋ ሴቶች ቀን አንገታቸውን እስከ አገጭ ሸፍነው ውለው ማታ ለእራትና ለጭፈራ ሲወጡ ትከሻቸውና ደረታቸው የተገለጠ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ለእነርሱ መሸፈንና መገለጥ የሰዓት ጉዳይ ነበር። ለእኛ ግን መስፈርቱ ሰዓት አይደለም፤ ሴቲቱ ማን ፊት ነው ያለችው የሚለው ነው። በሱረቱ ኑር 31ኛ አንቀጽ ኺማርን በደረት ላይ ስለማውረድ የመጣው ትእዛዝ መሐሪሞችን ለይቶ የሚዘረዝረው ለዚህ ነው።

ከእነርሱ ልብስ መውሰድ ይቻላልን?

ይህን ጉዳይ ስናነሳ "የካፊሮችን ልብስ ለምን እንለብሳለን?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ይታወቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእምነታቸው መለያ የሆነን ነገር መልበስ የተከለከለ መሆኑን ዑለማዎች ያስተምራሉ። ሰው ሁሉ የሚለብሰው፣ የአንድ እምነት ምልክት ያልሆነና የሸሪዓን መስፈርት የሚያሟላ ልብስ ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። ለዚህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ሐዲስ ጥሩ ማስረጃ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ የሻም አገር ጁባ ለብሰው ነበር። ሻም በዚያ ጊዜ የሮማውያን ግዛት ነበር። የጁባው እጅጌ ጠባብ በመሆኑ ለውዱእ ክንዳቸውን ማውጣት ስላስቸገራቸው ከሥር በኩል አውጥተው እንደታጠቡ ሙጊራ ይነግረናል።

እኔ ይህን ሐዲስ በመድረሳ የተማርኩት በኹፍ ላይ ስለማበስ በሚያወሳው ርዕስ ሥር ነበር። ለልብስ ሰፊ ግን ሌላም ነገር ይነግራል፤ የእጅጌን ጥበት ነገር። ወደዚህ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

በነገራችን ላይ ይህ ፋሽን በዚያው ዘመን ወደ ሙስሊም አገሮችም ገብቶ ነበር። በኢስታንቡል ከ1895 ጀምሮ ይታተም የነበረ "ሀኒምላራ ማሕሱስ ጋዜተ" የተባለ የሴቶች ጋዜጣ ነበር፤ ትርጉሙም ለእመቤቶች የተለየ ጋዜጣ ማለት ነው። ከሃይማኖትና ከልጅ አስተዳደግ ጎን ለጎን ስለ ልብስና ስለ ቤት ሙያ ይጽፍ ነበር። የሲንጀር የስፌት መኪናም በኦቶማን ግዛት በብዙ ቤቶች ገብቶ ነበር። የከተማ ሴቶች ከቤት ሲወጡ ቻርሻፍ ይደርባሉ፤ ከሥሩ የሚለብሱት የአውሮፓን ቅድ የተከተለ ነው። ስለዚህ እህቶቻችን ዛሬ ይህን ቅድ ቢያነሱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አይደሉም።

የወረቀቱ ነገር

ፓተርን የምንለው ልብሱ ከመቆረጡ በፊት በወረቀት ላይ የሚሠራውን ቅድ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ስተርሊንግ በምትባል ከተማ የነበረ ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ በ1863 በልዩ ልዩ መጠን የተቆረጡ ቅዶችን ለሽያጭ አቀረበ። ሐሳቡን ያመጣችው ሚስቱ ኤለን ናት ይባላል፤ ለልጃቸው ልብስ ስትቆርጥ በየመጠኑ የተዘጋጀ ቅድ ቢኖር ምንኛ ይቀል ነበር በማለት። ከዚያ በፊት በመጽሔት የሚወጣ ቅድ አንድ መጠን ብቻ ስለነበረው እያንዳንዷ ሴት በራሷ ልክ ማስፋትና ማጥበብ ነበረባት። የአይዛክ ሲንጀር ኩባንያም መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ቅዱና መኪናው በአንድነት በመካከለኛ ቤተሰብ ቤት ገቡ።

የኤድዋርድ ዘመን ፓተርን በስስ ወረቀት ላይ በቀዳዳ ብቻ ምልክት የተደረገበት እንጂ መሥመርና ጽሕፈት የታተመበት አልነበረም። ትልቅ ቀዳዳ አንድ ነገር፣ ትንሽ ቀዳዳ ሌላ ነገር ያመለክታል፤ ማብራሪያውም ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። የዚያ ዘመን እናት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰፋ ያደገች ስለሆነች ይህ ይበቃት ነበር። ለዛሬ ሰው እንዲመች ግን ሌሎች ሰዎች ሥራውን ሠርተውልናል። እንግሊዛዊቷ የልብስ ታሪክ ተመራማሪ ጃኔት አርኖልድ በሙዚየሞች ያሉትን የጥንት ልብሶች እያንዳንዱን ስፌት እየለካች "ፓተርንስ ኦፍ ፋሽን" በተሰኙ መጻሕፍቷ አሳትማለች። ሁለተኛው ክፍል ከ1860 እስከ 1940 ያለውን የሴቶች ልብስ ይዟል። ሥዕሎቹ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ላይ የተነደፉ ሲሆን የአንድ ኢንች ስምንተኛው አንድ ሙሉ ኢንች ማለት ነው። ስለዚህ 8 ጊዜ ማሳደግ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ፎክዌር የተባለው ድርጅት ደግሞ የዘመኑን የመራመጃ ጉርድና ሸሚዝ በዛሬ መጠን አዘጋጅቶ ይሸጣል።

እነዚህን ማግኘት ያልቻለች እህት ግን ተስፋ መቁረጥ የለባትም። ሸሚዙ ትንሽ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ጉርዱን ሜትር፣ እርሳስና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያላት ሴት ልጅ በራሷ ልትነድፈው ትችላለች።

መተው ያለበት

ከዚያ ዘመን ልብስ ሦስት ነገሮችን ጨርሶ መተው ይገባናል። አንደኛውን የማታውን ልብስ ከላይ ጠቅሰነዋል።

ሁለተኛው ኮርሴት ነው። ይህ በዓሣ ነባሪ አፍ ውስጥ ከሚገኝ ቀጭን አጥንት መሰል ነገርና ከብረት በተሠሩ ዘንጎች የተወጠረ፣ ከኋላ በገመድ የሚጠበቅ የወገብ ማሰሪያ ነው። በ1900 አካባቢ ፊቱ ቀጥ ያለ አዲስ ዓይነት ወጣ። ካወጡት ሰዎች አንዷ ሕክምና ያጠናችው ፈረንሳዊት ኢኔስ ጋሽ-ሳሮት ነበረች። ሐሳቧ ሆድን ከጫና ለማሳረፍ ነበር። ሴቶቹ ግን ወገባቸውን ለማሳነስ ሲሉ እጅግ አጠበቁትና ደረታቸው ወደ ፊት፣ ዳሌያቸው ወደ ኋላ የተገፋ ሆነ። በሰውነት ላይ ጉዳት ማድረስ በእኛ ዘንድ እንደማይፈቀድ ግልጽ ነው፤ የሰውነትን ቅርጽ ለማጉላት ሲሆን ደግሞ ይባስ። ከስፌት አንጻርም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የዚያ ዘመን ቅድ የተሠራው ወገቡ ለታሰረ ሰውነት ነው። ስለዚህ የጥንቱን ቅድ በቀጥታ የምትጠቀም እህት የወገቡን ቁጥር ማመን የለባትም፤ የራሷን ወገብ ለክታ ማስፋት አለባት።

ሦስተኛው የባርኔጣው ላባ ነው። እኛ ኺማር ስለምንለብስ ባርኔጣው ጉዳያችን አይደለም። ታሪኩ ግን ለልጆቻችን ሊነገር የሚገባው ነው። ነጩን ስስ ላባ ለማግኘት አዳኞች ሳቢሳዎችን የሚገድሉት በመራቢያቸው ጊዜ ነበር፤ ላባው የሚያምረው ያኔ ነውና። ጫጩቶቹ በጎጆ ውስጥ በረሃብ ይሞቱ ነበር። በዚህ የተቆጡ የእንግሊዝ ሴቶች በ1889 የወፎች መጠበቂያ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ1904 የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። ላባ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ግን በ1921 ነው። በአቡ ዳውድ የተዘገበውና ጫጩቶቿ ተወስደውባት ክንፏን እያራገበች ስለመጣችው ወፍ የሚናገረው ሐዲስ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው ይህን ላነበበ ሰው ትዝ ይለዋል።

ሸሚዙን የሰፉት እነማን ነበሩ?

ስለዚህ ልብስ ማማርና ጨዋነት ብቻ ጽፎ ማለፍ አይቻልም። በቤት የሚሰፋ እንደነበረ ሁሉ በፋብሪካ የሚሰፋውም እጅግ ብዙ ነበር። ኒው ዮርክ የሸሚዝ ፋብሪካዎች ዋና ከተማ ነበረች። ሠራተኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ይሁዲዎችና ከኢጣሊያ የመጡ ስደተኞች፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ1909 መጨረሻ ላይ ከ20,000 የሚበልጡ የሸሚዝ ሰፊዎች የሥራ ማቆም አድማ አድርገው የሥራ ሰዓት እንዲቀነስና ደመወዝ እንዲጨመር ጠየቁ። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሳ። ፋብሪካው የአንድ ሕንፃ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ነበር። በ9ኛው ፎቅ ወደ ደረጃው የሚያወጣው አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መኪናው መሰላል 6ኛው ፎቅ ላይ ቆመ። 146 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 123ቱ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከመስኮት ዘለው ነው። ባለቤቶቹ ተከሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በነፃ ተለቀቁ።

ይህ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ሳለ የልብስ ሰፊዎቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ተደርጎ ነበር። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሙስሊም እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ናቸው። በአገራችንም ከ2016 ጀምሮ በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶች ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፉ ቆይተዋል። ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስለመስጠት የመጣውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ነጋዴ የለም። "ይህ ልብስ ለምን ይህን ያህል ረከሰ?" ብሎ መጠየቅ ግን ለገዢም የሚገባ ይመስለኛል። የአንድን ጉርድ ቀሚስ ስፌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጇ የሠራች ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ታውቃለች፤ የልብስ ሰፊን ዋጋም በድፍረት አትከራከርም።

ጉርዱን እንዴት እንቆርጣለን?

ወገቧ 70፣ ዳሌዋ 98 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ 100 ሳንቲ ሜትር የሚለካ እህት እንውሰድ። ጉርዱ ሰባት ቁራጭ ይሁን። ወገቡን ለሰባት ስናካፍል ለእያንዳንዱ ቁራጭ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል።

የጥንቱ ቅድ ከወገብ እስከ ዳሌ ሰውነትን ተከትሎ ይወርድና ከጉልበት በታች በድንገት ይሰፋል። ለእኛ የማይሆነው ይህ ነው። ስለዚህ የቁራጩን ጎን ከወገብ እስከ ጠርዝ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ማስመር ነው። ከታች ስፋቱን 50 ብናደርገው ከወገብ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ማለትም ዳሌ ላይ፣ አንዱ ቁራጭ 18 ይሆናል። በሰባት ስናባዛው 126። ዳሌዋ 98 ስለሆነ 28 ሳንቲ ሜትር ልቀት አገኘች ማለት ነው። ይህ ለሩኩዕም ለሱጁድም፣ ታክሲ ለመሳፈርም ይበቃል።

አሁን ወደ ጨርቁ እንሂድ። ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ ላይ ቁራጮቹን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጎ ማቀያየር ይቻላል፤ የአንዱ ሰፊ ጫፍ ከሌላው ጠባብ ጫፍ ጎን ይውላል። ለስፌት ግራና ቀኝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ስንጨምር ቁራጩ ከላይ 13፣ ከታች 53 ይሆናል። በዚህ ልክ አራት ቁራጭ ጎን ለጎን ለማዋል 152 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በ2 ሳንቲ ሜትር ጎደለ! ስለዚህ በአንድ ረድፍ ሦስት ብቻ ይገባል፤ ሰባቱን ለመጨረስ ሦስት ረድፍ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከላይና ከታች ለእጥፋት ከሚተወው ጋር 110 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 3.30 ሜትር ጨርቅ ይፈጃል። ነገር ግን የታችኛውን ስፋት ከ50 ወደ 48 ብናወርደው አራቱ በ147 ሳንቲ ሜትር ልክ ልኩን ይገባሉ። አራት በአንደኛው ረድፍ፣ ሦስት በሁለተኛው፣ በድምሩ 2.20 ሜትር። ከሁለተኛው ረድፍ የተረፈው ለወገብ ማሰሪያውና ለኪሱ ይበቃል። የጠርዙ ዙሪያ ከ350 ወደ 336 ወረደ፤ ማንም አያስተውለውም። የዳሌው ልቀትም ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ጨርቅ ግን ተረፈ። ሒሳብ ለምን እንማራለን ለሚሉኝ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ማቀያየሩ የሚሠራው ሁለት አቅጣጫው አንድ ለሆነ ጨርቅ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከፋይ ወይም አበባው ሁሉ ወደ አንድ በኩል የቆመ ጨርቅ ከሆነ በአንድ ረድፍ ሁለት ቁራጭ ብቻ ስለሚገባ ጨርቁ እጥፍ ይሆናል።

ሌላው ነገር የታችኛው ጠርዝ ነው። የቁራጩ መሐል 100 ሲሆን ጎኑ አግድም ስለሚሄድ ይረዝማል። መቶ በመቶ ሲባዛና 19 በ19 ሲባዛ ተደምረው ሥራቸው ሲወጣ 101.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የታች ማዕዘኖች በ1.8 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አጉብጦ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ጉርዱ በየስፌቱ ላይ ጆሮ ያወጣል። የጨርቁ ቀጥታ ክርም በእያንዳንዱ ቁራጭ መሐል ለመሐል ማለፍ አለበት።

ጥጥ ጨርቅ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መድረቅና መተኮስ አለበት፤ አለበለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁርጭምጭሚት ይገለጣል። ጨርቁ ገላን ማሳለፍ አለማሳለፉን ለማወቅ እጅን ከሥሩ አድርጎ ወደ መስኮት ማየት ነው። ጣቶቹ ከታዩ ገበር ያስፈልገዋል።

ሸሚዙ

ሸሚዙን በቀጥታ በጥሩ ጨርቅ ላይ ከመቁረጥ በፊት በአቡጀዲ ሰፍቶ መሞከር ይበጃል። በኤድዋርድ ዘመን ቅድ ላይ የብብቱ ቀዳዳ ከዛሬው ሸሚዝ ጠበብና ከፍ ያለ ነው። ሰፊዎች ይህን ሲያዩ ስሕተት መስሏቸው ዝቅ አድርገው ይቆርጡታል። መተው አለባቸው፤ ብብቱ ከፍ ሲል እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ሸሚዙ አብሮ አይነሳም። ለተክቢራ እጅ ለማንሳትም ሆነ በሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ይመቻል።

ብዙዎቹ የዘመኑ ሸሚዞች ቁልፋቸው ከኋላ ነበር። አገልጋይ ላላት ሴት ይሆን ይሆናል። ለእኛ፣ በተለይም ለምታጠባ እናት፣ ከፊት መሆን አለበት፤ ቁልፎቹም ሳይታዩ በእጥፋት ሥር ይግቡ። የኮሌታውን ቁመት 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ከኺማሩ ሥር ምቾት ይሰጣል። በደረቱ ላይ የሚገባውን ዳንቴል ከወደዳችሁ አስገቡት፤ ከሥሩ ግን ገበር ይኑረው።

እጅጌው ከትከሻ መለስተኛ ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ አንጓ ላይ ተሸንሽኖ በካፍ የሚያዝ ነው። የሙጊራን ሐዲስ የምናስታውሰው እዚህ ላይ ነው። ካፉ ብቻ ተከፍቶ እጅጌው እስከ ክርን የማይሰበሰብ ከሆነ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ውዱእ ማድረግ ጣጣ ይሆናል፤ አንዳንዷ እህትም በዚህ ሰበብ ሶላቷን ታዘገያለች። ስለዚህ ከካፉ በላይ ያለው ስንጥቅ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንድ ትንሽ ቁልፍም መሐሉ ላይ ይደረግለት እንዳይከፈት።

የሸሚዙ ጭራ ከወገብ በታች 25 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በሱጁድ ጊዜ ከጉርዱ አምልጦ ወገብ እንዳይገለጥ ነው። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ለብሳችሁ ሁለት ረከዓ ስገዱበት፤ ከመስተዋት የተሻለ መለኪያ ነው።

ሸሚዝና ጉርድ ብቻውን ለጎዳና ይበቃል ወይስ ከላይ ጅልባብ ይደረብበታል የሚለው ላይ የዑለማዎች አስተያየት የተለያየ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። መደረብ ለምትፈልግ እህት ግን ያ ዘመን የተወው ሌላ ጥሩ ቅድ አለ። መኪና አዲስ በነበረበት ጊዜ ጣሪያ አልነበረውም፤ መንገዱም አቧራማ ነበር። በዚህም የተነሳ በመኪና የሚሄዱ ሴቶች ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ወገብ የሌለው፣ ከፊት የሚቆለፍ የበፍታ ካፖርት ይለብሱና ፊታቸውን ጭምር በስስ ጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። በአቧራ ምክንያት የተሸፈነችን ሴት ማንም ተጨቆነች ብሎ አልጻፈባትም። ይህ የአቧራ ካፖርት ከሁሉ የቀለለ ቅድ ስለሆነ ለጀማሪ ከጉርዱ ቀጥሎ የምመክረው እርሱን ነው።

ስለ ጠርዙ

ጉርዱ ተገጣጥሞ ካበቃ በኋላ ወዲያው አይታጠፍም። አግድም የተቆረጠ ጨርቅ በክብደቱ ስለሚለጠጥ በወገቡ ተሰቅሎ አንድ ቀንና ሌሊት ይደር። ከዚያ ለባሿ ቆማ ሌላ ሰው ከመሬት እየለካ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ይታጠፍና ይዘምዘም።

የዘመኑ ሴቶችም ስለ ጠርዝ ይከራከሩ ነበር። በአንድ ወገን ያሉት መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ያምራል ሲሉ ሐኪሞች ደግሞ የመንገድ ቆሻሻና ምራቅ ወደ ቤት ያስገባል እያሉ ይጽፉ ነበር። በእኛ ዘንድ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) የሴት ልብስ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚወርድ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንደጠየቁ፣ መጀመሪያ ስንዝር፣ ቀጥሎ ክንድ እንደተፈቀደ ተዘግቧል። ልብሷ ረጅም የሆነ ሴት በቆሻሻ ቦታ ስታልፍ የሚቀጥለው ንጹሕ መሬት እንደሚያጠራው የሚናገረው ዘገባም በእርሳቸው በኩል የመጣ ነው። ለክረምት ጭቃ ግን የኤድዋርድ ዘመን ሰፊዎች ያገኙት ዘዴ አለ። ከጠርዙ በውስጥ በኩል ወፍራም ጥብጣብ ከጠርዙ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወጣ አድርገው በእጅ ይሰፉ ነበር። መሬቱን የሚነካውና የሚያልቀው ጥብጣቡ ነው፤ ጨርቁ አይነካም። ሲያረጅ ይፈታል፤ በአዲስ ይለወጣል። ሦስት ሜትር ተኩል ጥብጣብ ይበቃል፤ ከመስፋት በፊት እርሱም መታጠብ አለበት።